የባሕር እናትን ከፓርኪንጋችን ስለማስነሣት

ለክቡር ዶክተር መርዕድ በፈቃዱ
የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ የቅርስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ
አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 1988 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ጆሮዎ? ባለፈው ወር ለከተማው የፕላን ቢሮ በጻፉት ደብዳቤ ላይ፣ ከአዳራሻችን ግድግዳ ማዶ የሚመታው ከበሮ «ለመስማት ችሎታ አስጊ» መሆኑን አንብቤ እጅግ ስለተጨነቅሁ ነው። ከበሮው በዓመት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚመታ ሲሆን፣ በራሳችን የአዲስ ዓመት በዓል ላይ ግን ስምንት ስፒከር ከኋላዎ ተደርድሮ ሲያንባርቅ ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ። ስለዚህ ጆሮዎ የጎረቤትን ድምፅ ከራሱ ድምፅ ለይቶ የሚታመም ልዩ ጆሮ መሆኑን ተረድቼ፣ ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ።

እኔ ኪራኮስ ወልደአምላክ እባላለሁ። ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ባሉ አሮጌ አፓርታማዎች ቦይለርና ኤርኮንዲሽን እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት አገራችን ባሕር በነበራት ጊዜ ለአሥራ አንድ ዓመት በባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ዛሬ ባሕር የሌላት አገር ባሕረኛ ነኝ፤ ይህም ለሥራ ስወዳደር ፎርም ላይ ለማስረዳት የሚያስቸግር ሙያ ነው። ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ የላክሁት ለምክር ቤታችን ጋዜጣ ነበር። ጸሐፊው በትሕትና «ስፔስ የለንም» አሉኝ። በዚያው እትም የክቡርነትዎ አራት ፎቶግራፎች ስለወጡ፣ ቦታው በምን እንደተጣበበ ለመረዳት አልተቸገርሁም። ስለሆነም ፎቶኮፒ አድርጌ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድርያ ባሉት ሱቆቻችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማጣበቂያ ቴፕ ላዋሱኝ ባለሱቆች ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አሌክሳንድርያ ባለው አዳራሻችን ጎን፣ ድሮ የጫማ መደብር በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ማዙ የምትባል የቻይናውያን የባሕር አምላክ ቤተ መቅደስ አለ። ከተከፈተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠባቂዋ ወይዘሮ ሊን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸውና ወገኖቻቸው ቬትናም ይኖሩ የነበሩ ቻይናውያን ሲሆኑ፣ በጀልባ ሸሽተው ሲወጡ አንድ ክንድ የምታህለውን የማዙን ሐውልት በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። ዘንድሮ የክፍሉ ፈቃድ ስላለቀ፣ ቤተ መቅደሱ ከስደተኞች ቅርስ እንደ አንዱ ተቆጥሮ እንዲቆይላቸው ለከተማው አመልክተዋል። ከተማውም ጎረቤቶችን ጠየቀ። የቅርቡ ጎረቤት እኛ ነንና ክቡርነትዎ በኛ ስም ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈው እንዲዘጋ ጠየቁ። ሂሪንግ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ የፊታችን ሐሙስ ነው። ክፍሉ ከተለቀቀም፣ እርስዎ እንዳቀዱት፣ ግድግዳው ይፈርስና የኛ የቅርስ ማዕከል ይሆናል። የሰው ቅርስ አስወጥቶ የቅርስ ማዕከል መክፈት የሚለው ሐሳብ ለማንም ሳይመጣ ለእርስዎ በመምጣቱ እንኳን ደስ ያለዎ።

እንግዲህ ለዚህ ሦስት ገጽ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ «የዘጠኝ ዓመት ክፍል ቅርስ ሊባል አይችልም፤ እኛ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ወኪሎች ነን» ብለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ምክር ቤታችን ከተቋቋመ ገና ስድስት ዓመቱ ስለሆነ፣ የቀረውን ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመት ማን ሊቀመንበር እንደነበረ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቢነግሩን ደስ ይለናል። ስለ ቤተ መቅደሱ ያለዎት ዕውቀትም የሚናቅ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ያንኳኩት ልጅዎን ፍሬአብን ካራቴ ለማስመዝገብ እንደነበር፣ ዩኒፎርሙ ስንት ቁጥር እንደሆነም እንደጠየቁ፣ ወይዘሮ ሊን እስከ ዛሬ በፍቅር ያስታውሳሉ። ባለፈው መስከረም ለባህል ቀናችን ከአገር ቤት የመጡት ቀሚሶች ረዝመው መሬት ሲጠርጉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሃያ አንዱንም አሳጥረው የሰፉልን እኚሁ ሴት ናቸው። የሦስት ሺህ ዘመኑ ታሪክ መድረክ ላይ ተደናቅፎ ያልወደቀው በእሳቸው መርፌ ነው።

ሁለተኛ፦ በገጽ ሁለት ላይ «የቤተ መቅደሱ ሰዎች አረጋውያን እናቶቻችንን አታልለው ወደ ባዕድ አምልኮ ጎትተዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስፍረዋል። እኔ በቦታው ስለነበርሁ፣ ማን ማንን እንደጎተተ እንዳስታውስ ዕድል ሰጥተውኛልና አመሰግናለሁ። በግንቦት መጀመሪያ እሑድ ነው። የአረጋውያን ስብሰባ አብቅቶ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከአዳራሹ ብቅ አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ከህይወት ጋር ይኖራሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ በመኪናዬ የማመላልሳቸው እናት ናቸው። ብቅ ሲሉ ምን ያያሉ? በፓርኪንጉ መካከል ከበሮ ይመታል፤ ዘርፍ ያለው ጥልፍ ጥላ ተዘርግቷል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ በግምጃ የተሸፈነ ነገር በስምንት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ይመጣል። ክቡርነትዎ ቢሆኑ ምን ያስቡ ነበር? እሳቸው ያሰቡት ማንኛዋም የአገራችን እናት የምታስበውን ነው፤ ታቦት ወጥቷል፣ ለእኛ ግን የነገረን የለም።

ወዲያው ጫማቸውን አወለቁ። እልልታውን አቀለጡት። ከኋላቸው የወጡት አራት እናቶችም ምንድን ነው ብለው ሳይጠይቁ ተቀበሏቸው። የወይዘሮ ተናኘወርቅ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ ሚጣ ነጠላቸውን እየጎተተች በእንግሊዝኛ «ይሄ የኛ አይደለም» ብትላቸው፣ «ዝም በይ፣ ይልቅ መንገድ ልቀቂ» አሏት። መንገድ ዘግቶ የቆመውን የኛን ታክሲ ነጂ በቁጣ አስነሡት። ሰልፉ ዘይት ከፈሰሰበት ቦታ ሲደርስም፣ ተሸካሚዎቹ እግራቸው እንዳያድጥ ብለው ያን ነጭ ነጠላ አውልቀው አነጠፉት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደምን አደራችሁ ያላላቸው ጎረቤት በእልልታ ሲቀበላቸው፣ ከቻይናዎቹ ግማሾቹ አለቀሱ። የተታለለ ሰው ይፈለግ ከተባለ የተታለሉት እነሱ ናቸው፤ ምክር ቤታችን የክብር ተቀባይ የላከላቸው መስሏቸው ነበር። ይህን ማሰባቸው ክቡርነትዎን ምን ያህል እንደማያውቁዎ ያሳያል።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግምጃው ተገለጠ፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅም የሐውልቷን ፊት አዩ። ቆም አሉ። አማተቡ። ጉንጫቸው ሲቀላ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ወይዘሮ ሊን ግን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ሲጋብዟቸው ጥለው መሄድ ነውር ሆነባቸው፤ «እኔ አልገባም፤ እዚህ ደጁ ላይ ልቀመጥ» ብለው ወንበር መጣላቸው። ዘይት የነካውን ነጠላ ወይዘሮ ሊን ወስደው በሳሙና አሹላቸው፤ ባዕድ አምልኮ የተባለው ነገር ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፦ ከዚያ በኋላ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ ስላዘጋጁላቸው ወረቀት አመሰግናለሁ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ በጥሩ ሁኔታ የተተየበ ነው፤ «እኔ ተታልዬ የገባሁ መሆኔን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ለሂሪንጉ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ የጎደለው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር። ሴትየዋ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ቀያይረው ቢሮዎ መጡ። ስልክ እስኪጨርሱ ደጅ ጠበቁ። ሲገቡም «ተሳስቼ ነው እንጂ ተታልዬ አይደለም። ስሕተቱ የራሴ ነው፤ ለሰው አልሰጥም» አሉ። ክቡርነትዎም በተለመደው አባታዊ ትዕግሥት «እማማ፣ ይሄ ነገር እኮ ኢሜጃችንን ዳሜጅ ያደርጋል፤ ዝም ብለው ሳይን ያድርጉት» አሏቸው። አልፈረሙም። በቃለ ጉባኤ «ተባባሪ ያልሆኑ አባል» ተብለው መመዝገባቸውን ሰምቻለሁ። ስለ ነፍሳቸውም እንዳይጨነቁ ልንገርዎ፤ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው የሆነውን ሁሉ ነግረዋል፤ የታዘዙትንም ስግደት ፈጽመዋል። ካህኑ የተዉትን ጉዳይ ሊቀመንበሩ አለመተዋቸው ለሥራዎ ያለዎትን ትጋት የሚያሳይ ነው።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አልገባልኝም፤ ለትንሽ ጊዜ ሹፈቱንም ልተወው።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙ ፍሰሐ ይባላል። ከኔ ጋር ባሕር ኃይል ነበር። በ1983 ግንቦት ሁሉም ነገር ሲያበቃ መርከቦቹ ወደ የመን ወጡ፤ እኛ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስላልደረስንባቸው በአንዲት ሞተር ጀልባ ተከተልን። ሞተሩ የኔ ኃላፊነት ነበር። የነዳጁ ማጣሪያ እንደማያዛልቅ ከወደቡ ሳንወጣ አውቄያለሁ፤ እስከዚያ ያደርሰናል ብዬ ዝም አልሁ። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። እኔ አጎንብሼ ስፈታ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን መታትና አራት ሰዎች ወደቁ። ሦስቱን አወጣን። ፍሰሐን አላወጣንም።

እዚህ አገር መጥቼ እናቱን ሳገኛቸው ይህን አልነገርኋቸውም። የመን ውስጥ በአንድ ካምፕ አይተነዋል የሚሉ አሉ አልኋቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በየድርጅቱ ደብዳቤ ሲያስጽፉ፣ አንዳንዱን የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ፍትሐት አላስፈቱም፤ በሕይወት ላለ ሰው ይህ አይደረግምና። ውሸቴ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ፈሪነት ነበር፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዚያ እሑድ ወይዘሮ ሊን ደጃፉ ላይ ከጎናቸው ተቀምጠው በሰባራ እንግሊዝኛቸው የማዙን ታሪክ ነገሩን፤ እኔ አስተረጉማለሁ። የዓሣ አጥማጆች ልጅ ነበረች አሉ። አንድ ቀን ሸማ እየሠራች ሳለ ሸለብ አደረጋት፤ መንፈሷ ወደ ባሕር ሄዶ፣ በማዕበል የተያዙትን አባቷንና ወንድሞቿን አፋፍሶ ሲያወጣ፣ እናቷ ልጄ ታመመችብኝ ብላ ወዘወዘቻት። ያን ጊዜ አንደኛው ከእጇ አመለጠ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ታሪኩን ሰሙና «ያመለጠውስ ምን ሆነ?» ብለህ ጠይቅልኝ አሉኝ። ወይዘሮ ሊን በክፍሉ ጥግ ያለች ትንሽ ቀይ ጠረጴዛ አሳዩን። ላይዋ ላይ በወረቀት ቁራጮች የተጻፉ ስሞች አሉ፤ በባሕር የቀሩ ሰዎች ስሞች ናቸው። ከእሳቸው ጀልባ ብቻ አሥራ አንድ፤ አንዱ ባላቸው። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዞረው፣ እናንተስ ባሕር ውስጥ የቀረባችሁ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

ጥያቄውን መተርጎም የኔ ሥራ ነበር። ተረጎምሁት፤ መልሱንም እኔው መለስሁ። ስለ ማጣሪያው ሳይቀር ነገርኋቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር ወይ? ሞቃት ነበር አልኋቸው። ያ እንኳ እውነት ነው። ከዚያ አልገባም ያሉትን ደጃፍ አልፈው ገቡ፤ ብዕር ተቀብለው በአማርኛ «ፍሰሐ» ብለው በእጃቸው ጻፉ።

በሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገ፤ ለቅሶም ተቀመጡ። ክቡርነትዎ የላኩት አበባ ደርሷል፤ ሪባኑ ላይ የምክር ቤታችን ስም በትልቁ ስለተጻፈ የሟቹ ስም እንዳልበቃው ተረድተናል። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ እነዚያን ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ቀያይረው ይመጣሉ፤ በመኪና አላስቸግርህም ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁና አልጠይቃቸውም። አይሰግዱም፤ ዕጣንም አይለኩሱም። ጠረጴዛዋ ፊት ቆመው የሳምንቱን ወሬ ለልጃቸው ይነግሩታል፦ ህይወት ሥራ ቀየረች፣ ሚጣ ጥርሷ ወለቀ። ወይዘሮ ሊን አማርኛው አንድም ቃል አይገባቸውም፤ ግን እስኪጨርሱ ድረስ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ከጎናቸው ይቆማሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ስሙ በጸሎት ይጠራል፤ ይህ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የምለው፣ ባሕር የወሰደው ሰው መቃብር የለውም፤ እናቱ ሄደው የሚቆሙበት ያቺ ጠረጴዛ ብቻ ናት። ቤተ መቅደሱ ከተዘጋ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም፤ ወይዘሮ ሊን ሐውልቷን መልሰው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ አልጋቸው ሥር ማስገባታቸው ነው። ልጃቸውን ለማልቀስ አምስት ዓመት የፈጀባቸው እናት አሁን ደግሞ ስሙን ፍለጋ በየት በኩል ይሂዱ?

አሁን ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከሐሙስ በፊት ያን ደብዳቤ ያንሡልን። የጻፉት በኛ ስም ነው፤ እኛን ግን አልጠየቁንም። አንድ መስመር ይበቃል፤ «ምክር ቤቱ ተቃውሞ የለውም» ማለት ከሦስት ገጽ ይልቅ ለእጅዎም ዕረፍት ነው። ደብዳቤው ካልተነሣ ግን፣ ከተማው ለእያንዳንዱ ጎረቤት ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጥ አጣርቻለሁ። እኔ እቆማለሁ፤ እንግሊዝኛዬ እንደ ክቡርነትዎ ባያምርም፣ የጀልባዋን ነገር እዚህ እንደጻፍሁት እናገራለሁ። ወይዘሮ ተናኘወርቅም እዚያው ይገኛሉ፤ ቀኑ ሐሙስ ስለሆነ ለማንኛውም ወደ አሌክሳንድርያ መምጣታቸው አይቀርም። ስፔስ ካልተገኘልን ከኋላ እንቆማለን።

ለምክር ቤቱ ዕድገት፣ ለፓርኪንጉ ስፋት፣ ለክቡርነትዎ የጆሮ ጤንነትና ለፍሬአብ የካራቴ ትምህርት መልካም ምኞቴን እየገለጽሁ፣ በቃለ ጉባኤ ላይ ቀጥሎ ከሚመዘገቡት ተባባሪ ያልሆኑ አባላት አንዱ ለመሆን በአክብሮት እያመለከትሁ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ኪራኮስ ወልደአምላክ
ላንግሊ ፓርክ፣ ከቦይለር ክፍሉ

ማስታወሻ፦ በግል ቢሮዎ ውስጥ፣ ከወንበርዎ በላይ፣ ነጭ ዩኒፎርም የለበሱ ባሕረኞች መርከብ ላይ ተሰልፈው የተነሡት ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም በወርቃማ ፊደል «የባሕር በራችን፣ ቅርሳችን» ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ያን ዕለት የሰጧቸውን ወረቀት ትተው ግድግዳውን ሲያዩ የቆዩት ሐሳባቸው ስለተበተነ መስሎዎት ለጸሐፊው «እማማ ትንሽ ኮንፊውዝድ ናቸው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ፍሰሐ ነው። እሳቸው ጋ የነበረው አንድ ፎቶው በሱዳን በኩል ሲወጡ ከሻንጣቸው ጋር ጠፍቷል። እንግዲህ ደብዳቤውን የማያነሡ ከሆነ፣ እባክዎ ፎቶውን ይስጧቸው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቆርጠው ማስቀረት ይችላሉ፤ እሳቸው የሚፈልጉት ልጃቸውን ብቻ ነው።